ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን፦ ገመድ ከመግዛትዎ በፊት

“ከስልክ ወደ ቲቪ” እየተባለ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው ገመድ ለሁሉም ስልክ አይሠራም። ብዙ ሰው ገዝቶት ቤት ይገባል፤ አንዱን ጫፍ ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ቴሌቪዥኑ ግን “ኖ ሲግናል” ከማለት አያልፍም። ከዚያ ወቀሳው በገመዱ ወይም በቴሌቪዥኑ ላይ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ስልኩ ነው ምስል በገመድ እንዲያወጣ ሆኖ ያልተሠራው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከስልኩ ነው። ስልክዎ ምን መላክ እንደሚችል፣ ቴሌቪዥንዎ ደግሞ ምን መቀበል እንደሚችል ካወቁ፣ የሚያስፈልግዎት ዕቃ ወዲያው ይለያል። ምንም ሳይገዙ የሚገናኙበት ጊዜም ብዙ ነው።

1. መጀመሪያ ስልክዎን ይለዩ

የቻርጀር መሰኪያውን ቀዳዳ ይመልከቱ። ከሦስት አንዱ ነው።

ታይፕ ሲ። በየትኛውም ወገን ቢገለበጥ የሚገባው ሞላላ ቀዳዳ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አንድሮይድ ስልኮች ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት አይፎኖችም የያዙት ይህን ነው። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቤቶች ውስጣቸው አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ ታይፕ ሲም የቀዳዳውን ቅርጽ እንጂ ከቀዳዳው በስተጀርባ የተገጠመውን አይናገርም። ምስል በገመድ እንዲወጣ አምራቹ “ዲስፕሌይፖርት” የተባለውን የምስል መስመር ከቀዳዳው ጋር አገናኝቶ መሸጥ አለበት። በርካሽና በመካከለኛ ዋጋ ስልኮች ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ይቀራል።

ምስል በገመድ ከሚያወጡት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሳምሰንግ፦ ከጋላክሲ ኤስ 8 (2017 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡት የኤስ ስልኮችና ከኖት 8 ወዲህ ያሉት ኖቶች (“ላይት” ከተባሉት በቀር)፣ እንዲሁም የፎልድ ስልኮች።
- አፕል፦ አይፎን 15 እና 16፤ ከ2018ቱ አይፓድ ፕሮ ጀምሮ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላቸው አይፓዶች።
- ጉግል፦ ፒክስል 8 እና ከእሱ በኋላ የመጡት። ፒክስል 8 ሲወጣ ይህ ተዘግቶበት ነበር፤ የተከፈተው በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በመጣው ዝማኔ ስለሆነ ስልኩ አፕዴት መደረግ አለበት።
- የሳምሰንግ ታብሌት፦ ታብ ኤስ 4፣ ኤስ 6፣ ኤስ 7፣ ኤስ 8 እና ኤስ 9።

በአገራችን በብዛት ከሚያዙት መካከል አብዛኞቹ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስ፣ የአይቴል፣ የሬድሚና የጋላክሲ ኤ ስልኮች በገመድ ምስል አያወጡም። ታብ ኤ እና ታብ ኤስ 6 ላይት የተባሉት ታብሌቶችም እንዲሁ ናቸው። የእርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ፤ በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 4 ይሂዱ፣ ያለ ገመድ የሚሠራበት መንገድ አለ።

እርግጠኛ ካልሆኑ የስልክዎን ሙሉ የሞዴል ስም ይዘው እንደ ጂኤስኤም አሬና ባሉ የስልኮችን ዝርዝር በሚያቀርቡ ድረ ገጾች ላይ “ዩኤስቢ” የሚለውን መስመር ያንብቡ። “ዲስፕሌይፖርት” የሚል ቃል ካዩ ጉዳዩ አለቀ። የዩኤስቢው ቁጥር ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ፒክስል 7 ፈጣኑን ዩኤስቢ 3.2 ይዞ ምስል አያወጣም፤ አይፎን 15 ደግሞ ዝግተኛውን ዩኤስቢ 2 ይዞ ያወጣል።

ላይትኒንግ። ከአይፎን 5 እስከ አይፎን 14 ያሉት ስልኮችና የቆዩ አይፓዶች የሚጠቀሙበት ቀጭኑ የአፕል ቀዳዳ ነው። በራሱ አዳፕተር አማካይነት ምስል ያወጣል።

ማይክሮ ዩኤስቢ። የድሮ አንድሮይድ ስልኮች ቀዳዳ ነው። እንደ ጋላክሲ ኤስ 2 እስከ ኤስ 5 ያሉት “ኤምኤችኤል” በተባለ መንገድ ምስል ያወጡ ነበር፤ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 6 ጀምሮ አስቀርቶታል። ዛሬ ለዚህ ሲሉ አዲስ ዕቃ መግዛት አያዋጣም።

2. ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይዩ

ኤችዲኤምአይ ካለው ሥራው ቀላል ነው። ምስልንም ድምፅንም በአንድ ገመድ ይቀበላል። ብዙ ቤት ዲሹን ከሚያጫውተው ሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ገመድ ኤችዲኤምአይ ስለሆነ ሌላ መግዛት ላያስፈልግዎት ይችላል። ከሪሲቨሩ ነቅለው ይሞክሩበት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት።

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉት የቆየ ቴሌቪዥን ነው፤ መካከለኛ ኮንቨርተር ይፈልጋል። ባለ 15 ቀዳዳው ሰማያዊ መሰኪያ ቪጂኤ ነው፤ በቆዩ ሞኒተሮችና ፕሮጀክተሮች ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ተራ ቁጥር 5 ላይ እናያቸዋለን።

በቴሌቪዥኑ ጎን ያለውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ከኤችዲኤምአይ ጋር አያምታቱት። ስልኩን በቻርጀር ገመድ እዚያ ላይ ቢሰኩት ቻርጅ ያደርግ ይሆናል፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ፎቶና ቪዲዮ ሊያነብም ይችላል። የስልኩ ስክሪን ግን በዚያ ቀዳዳ ቴሌቪዥን ላይ አይወጣም። ዓላማዎ አንድ የተቀረጸ ቪዲዮ ማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው ፍላሽ ነው። ቪዲዮውን በኦቲጂ (ፍላሽን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው አዳፕተር) ከስልኩ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩ። ፋት 32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

3. በገመድ ማገናኘት

ገመድ ከሁሉም አስተማማኙ መንገድ ነው። አይቆራረጥም፣ አይዘገይም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ታይፕ ሲ ላለው ስልክ ወይም ታብሌት፦

ሀ. ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ያዘጋጁ። አንድ ወጥ ገመድ ሆኖም ይሸጣል፤ ነገር ግን አዳፕተሩ ለብቻው፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ለብቻው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ለ. አዳፕተሩ ተጨማሪ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለውና “ፒዲ” የሚል ምልክት የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ስልኩ ያለው አንድ ቀዳዳ በምስሉ ስለሚያዝ፣ ቻርጀር የሚሰኩበት ሌላ ቦታ ከሌለ ረጅም ፊልም ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል።

ሐ. ቴሌቪዥኑን ያብሩ። ገመዱን የሰኩበትን ቀዳዳ ቁጥር ልብ ይበሉ፤ 1 ይሁን 2 ወይም 3 ከጎኑ ተጽፏል።

መ. በሪሞቱ “ሶርስ” ወይም “ኢንፑት” የሚለውን ተጭነው ያንኑ ቁጥር ይምረጡ። ብዙ “አልሠራም” የሚባል ነገር እዚህች ጋ ነው የሚፈታው።

ሠ. አዳፕተሩን ስልኩ ላይ ይሰኩ፤ የስልኩ ስክሪን ተከፍቶ ይቆይ። ምስሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይመጣል። ስልኩ ምርጫ ካቀረበልዎ ስክሪኑን እንዳለ የሚያሳየውን ይምረጡ።

ረ. ቪዲዮውን ከፍተው ስልኩን ወደ ጎን ያዙሩት። ድምፁ በቴሌቪዥኑ ይወጣል፤ መጠኑን በቴሌቪዥኑ ሪሞት ያስተካክሉ።

ሞኒተርዎ ራሱ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው አዳፕተር ላያስፈልግዎት ይችላል። ነገር ግን ከስልክ ጋር የሚመጣው የቻርጀር ገመድ ብዙውን ጊዜ ኃይልና ዝግተኛ ዳታ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ምስል አያሳልፍም። ምስል የሚያሳልፍ ተብሎ የተሠራ የታይፕ ሲ ገመድ ያስፈልጋል። የሞኒተሩ ቀዳዳም ምስል የሚቀበል መሆን አለበት። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ግን ሞኒተሩ በዚያው ገመድ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ላይትኒንግ ላለው አይፎን ወይም አይፓድ፦ አፕል የሚሠራው የላይትኒንግ ዲጂታል ኤቪ አዳፕተር እስከ 1080 የምስል ጥራት ያወጣል። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ጎን የቻርጀር ቀዳዳ አለው። በገበያ ላይ የሚገኙት ርካሽ ተመሳሳዮች ግን ቻርጀር ካልተሰካባቸው ብዙውን ጊዜ አይነሱም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የኤችዲኤምአይ ገመዱን፣ ቀጥሎ ቻርጀሩን፣ በመጨረሻ ስልኩን። ስልኩ መሣሪያውን ያምኑት እንደሆነ ከጠየቀዎት “አዎ” ይበሉና የይለፍ ቁጥርዎን ያስገቡ።

ዲስፕሌይፖርት ለሌለው አንድሮይድ፦ “ዲስፕሌይሊንክ” የተባለ ቺፕ ያለው አዳፕተር አለ። ምስሉን በተራ የዩኤስቢ ዳታ መስመር ስለሚልክ የምስል መስመር በሌላቸው ስልኮችም ላይ ሊሠራ ይችላል። ስልኩ ኦቲጂ የሚቀበል መሆን አለበት፤ ዲስፕሌይሊንክ ፕረዘንተር የተባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር ማውረድም ግድ ነው። ከተራው አዳፕተር ይወደዳል፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ይንቀረፈፋል፤ እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ የቅጂ ጥበቃ ያላቸውን ፊልሞች አያሳይም። ለስብሰባና ለትምህርት ገለጻ ይበቃል፤ ለኳስና ለፊልም ግን አልመክረውም።

4. ያለ ገመድ ማገናኘት

እዚህ ሦስት መንገዶች አሉ። በዳታ አጠቃቀማቸው ስለሚለያዩ ልዩነታቸውን ማወቅ ከኪስ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ሚራካስት። የዋይፋይ አሊያንስ በ2012 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ስልኩና ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ በቀጥታ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ራውተርም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ስልክዎ ላይ ያለን ፊልም፣ ፎቶ ወይም መዝሙር ለማሳየት አንድ ሜጋባይት እንኳን አያወጡም። ለብዙ አንድሮይድ ተጠቃሚ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው።

ሀ. ቴሌቪዥኑ ላይ የመቀበያውን አፕ ይክፈቱ። በሳምሰንግ “ስክሪን ሚረሪንግ”፣ በኤልጂ “ስክሪን ሼር”፣ በሃይሴንስ “ኤኒቪው ካስት”፣ በሌሎች “ሚራካስት” ወይም “ዋየርለስ ዲስፕሌይ” ይባላል።

ለ. የስልኩን ዋይፋይ ያብሩ። ከምንም ኔትወርክ ጋር ባይገናኝም መብራቱ ብቻ ይበቃል።

ሐ. ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ጎትተው በሚመጡት ምልክቶች ውስጥ “ስማርት ቪው”፣ “ካስት”፣ “ስክሪን ካስት” ወይም “ዋየርለስ ፕሮጀክሽን” የሚለውን ይፈልጉ። ካላገኙት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው “ካስት” ብለው ይፈልጉት።

መ. የቴሌቪዥኑ ስም ሲመጣ ይንኩት፤ ቴሌቪዥኑ ፈቃድ ከጠየቀ በሪሞቱ ይፍቀዱ።

ጉግል ካስት። በ2013 እ.ኤ.አ. ከክሮምካስት ጋር የመጣው ነው። ክሮምካስት የተባለችው ትንሽ መሣሪያ ምርቷ በ2024 ቢቆምም፣ አሠራሩ በአንድሮይድ ቲቪና በጉግል ቲቪ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ዩቲዩብ ከፍተው በላይኛው ጠርዝ ያለውን፣ በጥጉ ላይ የሞገድ መስመሮች ያሉትን የአራት ማዕዘን ምልክት ሲነኩ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ስልኩ ሪሞት ብቻ ይሆናል፤ ስክሪኑን ቢያጠፉትም፣ ስልክ ቢደወልልዎም ፊልሙ ይቀጥላል።

ዳታ በጥቅል ገዝተው ለሚጠቀሙ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ስክሪን ስለሆነ ከፍተኛውን የምስል ጥራት ራሱ ይመርጣል። ኔትፍሊክስ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋባይት ሊወስድ እንደሚችል ራሱ ይናገራል። ስለዚህ በሆትስፖት የሚያዩ ከሆነ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480 ወይም 720 ያውርዱ። ሆትስፖቱንም በሌላ ስልክ ያብሩት፤ የሚልከው ስልክና ቴሌቪዥኑ ሁለቱም በዚያ ላይ ይግቡ። ሆትስፖት የሚያድለው ስልክ ራሱ ካስት ለማድረግ ሲሞክር አንዳንዴ ቴሌቪዥኑን አያገኘውም።

ኤርፕሌይ። የአፕል መንገድ ነው። አይፎን ሚራካስትን አይቀበልም፤ ስለዚህ የአይፎን ባለቤት ሚራካስት ብቻ ያለው ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው በከንቱ ነው። አፕል ቲቪ የተባለው መሣሪያ፣ ወይም ኤርፕሌይ 2 ያለው ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሳምሰንግ፣ በኤልጂና በሶኒ ብዙ ሞዴሎች ላይ ተካትቷል። ስልኩንና ቴሌቪዥኑን በአንድ ዋይፋይ ያስገቡ፤ ከስክሪኑ አናት የቀኝ ጥግ ወደ ታች (የሆም ቁልፍ ባላቸው አይፎኖች ከግርጌ ወደ ላይ) ጎትተው የሁለት አራት ማዕዘኖችን ምልክት ይንኩ፤ የቴሌቪዥኑን ስም ይምረጡ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ስልኩ ላይ ይጻፉ።

ስክሪንዎን እንዳለ ሲያሳዩ፣ በገመድም ይሁን ያለ ገመድ፣ የሚመጣልዎ መልእክት ሁሉ እንግዳ ፊት ይነበባል። የቴሌግራም ወሬ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀር። ከመጀመርዎ በፊት “ዱ ኖት ዲስተርብ” የሚለውን ያብሩ። በአንድ ሕንፃ ብዙ ቴሌቪዥን በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ ስሙን አጣርተው ይምረጡ፤ የጎረቤትዎም ቴሌቪዥን ከዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

5. የቆየ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ያለው ቴሌቪዥን የሚፈልገው ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይረውን ትንሽ ሳጥን ነው። በገበያ ላይ ሁለት መንትያ የሚመስሉ ሳጥኖች አሉ፦ አንዱ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ፣ ሌላው ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ። መልካቸው አንድ ነው፤ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሳጥኑ ላይ “ኢንፑት” የሚለው ጽሑፍ ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ጎን መሆኑን አይተው ይግዙ።

መስመሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ከስልክ ወደ አዳፕተር፣ ከአዳፕተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ በሦስቱ ባለቀለም ገመዶች ወደ ቴሌቪዥኑ። ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፅ ናቸው። ሳጥኑ የራሱን 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ከስልክ ቻርጀር ወይም ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ያገኛል። ጎኑ ላይ ፓል እና ኤንቲኤስሲ የሚል ማብሪያ ካለ ፓል ላይ ያድርጉት፤ የኢትዮጵያ የቀድሞው የቴሌቪዥን ሥርዓት እሱ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ወይም ቢንሸራተት መጀመሪያ የሚነካው ይኸው ማብሪያ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቴሌቪዥን ቪዲዮ ማየት ይቻላል፤ ጽሑፍ ማንበብ ግን ዓይን ያደክማል።

በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በስብሰባ ቦታ የሚገኙ የቆዩ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ ቪጂኤ ናቸው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ሲገዙ የድምፅ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም፤ ከኮንቨርተሩ ወደ ስፒከር ወይም ወደ ሚክሰር የሚሄድ የድምፅ ገመድ ካልያዙ አዳራሹ ሙሉ ሰው ዝም ያለ ፊልም ያያል። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ከነድምፁ ይሞክሩት።

6. ስልክን እንደ ኮምፒውተር መጠቀም

ኮምፒውተር ለሌለው ተማሪና ትንሽ ቢሮ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ሳምሰንግ በ2017 እ.ኤ.አ. ያመጣው “ዴክስ” ስልኩን ሞኒተር ላይ ሲሰኩት እንደ ኮምፒውተር መስኮቶች ያሉት ገጽ ያወጣል። በአንድ በኩል የጽሑፍ ፋይል፣ በሌላው ብራውዘር ከፍተው ይሠራሉ። ከኖት 9 (2018) ጀምሮ ተራ አዳፕተር ይበቃዋል፤ ከኖት 20 (2020) ጀምሮ ደግሞ ለሚራካስት ቴሌቪዥን ያለ ገመድም ይልካል። ሞቶሮላ “ሬዲ ፎር”፣ ሁዋዌም ከሜት 10 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር አቅርበዋል።

አይፎን የሚያሳየው የራሱን ስክሪን ግልባጭ ነው፤ እንደ ኮምፒውተር የተለየ ገጽ አያወጣም። ኤም 1 እና ከዚያ በላይ ቺፕ ያላቸው አይፓዶች ግን ከአይፓድ ኦኤስ 16.2 ጀምሮ ሞኒተሩን ራሱን የቻለ ተጨማሪ የሥራ ቦታ ያደርጉታል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኤችዲኤምአይ፣ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳና የፒዲ ቻርጀር ማስገቢያ ያለው ሀብ (ባለ ብዙ ቀዳዳ አዳፕተር) ነው። ማውስና ኪቦርድ በብሉቱዝም ይያያዛሉ። የሚያዘወትሩት የአማርኛ ኪቦርድ አፕ ከውጭ ኪቦርድ ጋር መሥራቱን ግን ደብዳቤ ለመጻፍ ከመቀመጥ በፊት መሞከር ይበጃል፤ ብዙዎቹ ለስክሪን ንክኪ የተሠሩ ናቸው።

7. ችግር ሲገጥም

“ኖ ሲግናል” ካለ፦ ሶርሱ ትክክል መሆኑን፣ አዳፕተሩ እስከ መጨረሻ መግባቱን ያረጋግጡ። የስልኩ ሽፋን ወፍራም ከሆነ ያውልቁት፤ መሰኪያው ጠልቆ እንዳይገባ ይከለክላል። በቀዳዳው ውስጥ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ካለ ስልኩን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስንጥር በቀስታ ያውጡት፤ በመርፌ አይንኩት። ከዚያም ገመዱን በሌላ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመልሰው ስልክዎ ዲስፕሌይፖርት እንዳለው ያጣሩ።

ሌላው ሁሉ እየታየ ፊልሙ ብቻ ጥቁር ከሆነ፦ የቅጂ ጥበቃ ነው። ርካሽ አዳፕተር፣ የኤቪ ሳጥንና የቪጂኤ ኮንቨርተር ይህን ጥበቃ ስለማያሟሉ አፑ ምስሉን ይዘጋል። አፑን ስማርት ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ መክፈት የተሻለ መፍትሔ ነው።

ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ፦ ስልኩ ከብሉቱዝ ስፒከር ወይም ማዳመጫ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ያላቅቁት። የስልኩን የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍተው መውጫው ኤችዲኤምአይ መሆኑን ያረጋግጡ።

የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ፦ በቴሌቪዥኑ የምስል ሴቲንግ ውስጥ “ስክሪን ፊት” ወይም “ጀስት ስካን” የሚለውን ይምረጡ። በግራና በቀኝ፣ ወይም በላይና በታች ጥቁር ቦታ ቢቀር ግን ብልሽት አይደለም፤ የስልክ ስክሪን ከቴሌቪዥን ይልቅ ረዘም ስለሚል ነው።

ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፦ ገመዱን በሌላ ይቀይሩ፣ ወይም ቻርጀር ይሰኩ። ለ4ኬ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ያስቸግራል፤ ለቤት 2 ሜትር ይበቃል።

ያለ ገመድ ሲልኩ ከተንቀረፈፈ፦ ወደ ቴሌቪዥኑ ይቅረቡ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ሁለቱንም በእሱ ላይ ያስገቡ። ጌም ለመጫወት ግን ከገመድ ሌላ አይሞክሩ፤ ያለ ገመድ የሚላክ ምስል ሁልጊዜም ከጣት ወደ ኋላ ይቀራል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ቴሌቪዥኑን በስታብላይዘር ይጠቀሙ። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ነቅለው ያስቀምጡ፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ያገናኙት።

8. ሲገዙ

ስልክዎን ይዘው ይሂዱ። ሻጩ የራሱን ስልክ ሰክቶ ቢያሳይዎት ያ የእሱ ስልክ ማስረጃ ነው፤ በእርስዎ ስልክ ሱቁ ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ምስል ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የመመለሻ ቀን ደረሰኝ ላይ ያጽፉ።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ሲጠይቁ “የቲቪ ገመድ” ብለው አይላኩ። የስልክዎን ሙሉ ሞዴል፣ የቀዳዳውን ፎቶ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፎቶ ይላኩለት፤ “ፒዲ ቻርጅ ያለው፣ 4ኬ በ60 ኸርዝ የሚያወጣ” ብለው ይጻፉለት። በ30 ኸርዝ የሚሠራው ይረክሳል፤ ማውስ ሲንቀሳቀስና ኳስ ሲታይ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። ቻርጀርም የሚያመጣ ከሆነ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ይሁን፤ የእኛ 220 ነው።

በአጭሩ ውሳኔው ይህ ነው። ስልክዎ ዲስፕሌይፖርት ካለው ፒዲ ያለው ጥሩ አዳፕተር ይግዙና በገመድ ይጠቀሙ። ከሌለውና ቴሌቪዥንዎ ሚራካስት ካለው ምንም አይግዙ። አይፎን ይዘው ኤርፕሌይ የሌለው ቴሌቪዥን ካለዎት የቀዳዳዎን ዓይነት አዳፕተር ይግዙ። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነልዎ ቪዲዮውን በፍላሽ ይውሰዱት፤ ፍላሽ እስካሁን አላሳፈረም።